የውጭ ትምህርት መሰናዶ ከቀበሌ ይጀምራል

የትምህርት ዕድል ማግኘቴ ከተሰማ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ የግቢ ታናናሾቼ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «እባክሽ ሊንኩን ላኪልኝ።» የማመልከቻውን ሊንክ ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ሊንኩ ከሥራው ሁሉ ትንሹ መሆኑን መንገድ ዳር ቆሞ ማስረዳት ስለማይመች፣ የማውቀውን እዚህ በሰፊው ለመጻፍ ወሰንኩ። የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ በሰሜን ሸዋ ተወልዶ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ማስተርሱን ውጭ አገር ለመማር ለሚያስብ ተማሪ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ የግማሽ ቀን ጉዳይ የሆነ ነገር ለእኛ 130 ኪሎ ሜትር መሄድና መመለስ ነው፤ ከመንዝ ለሚነሣ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው።

እኔ እንደተረዳሁት የውጭዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት ነገር ጥቂት፣ ግልጽና አስቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠ ነው። ጊዜ የሚበላው በእኛ በኩል ያለው ሥራ ነው፤ ማለትም በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ መሥሪያ ቤት፣ በተለያየ እጅ የተጻፉ ወረቀቶች ሁሉ ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ መሆናቸውን ማሳየት። ስለዚህ መሰናዶው የሚጀምረው ከኤምባሲ ሳይሆን ከቀበሌና ከሬጅስትራር ነው፤ የሚጀምረውም ቢዘገይ ከጉዞው አንድ ዓመት በፊት ነው።

ከወረቀቱ በፊት ግን ምን እንደሚማሩ መወሰን አለ። ብዙዎች «ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ይሁን እንጂ ምንም ቢሆን እማራለሁ» ሲሉ እሰማለሁ፤ አሳቡ ቢገባኝም ማመልከቻው ላይ ግን ወዲያው ይታወቅባቸዋል። እኔ የተመረቅሁት በእንስሳት ሳይንስ ነው፤ ያደግሁትም በመንዝ በግ መካከል ነው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ብርድና ርሃብ የሚችል፣ ጅራቱ ስብ የሚይዝ፣ ጸጉሩ ባና የሚሠራበት በግ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ከየት ምን እንደተጻፈ ስፈልግ አንድ ነገር አስደነቀኝ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ኢካርዳና በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር አርሶ አደሩንና አርብቶ አደሩን ያሳተፈ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ሠርተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአንድ መንደር ሰዎች የጠቦቶቻቸውን ክብደትና የእናቶቻቸውን ታሪክ ይመዘግባሉ፣ በጋራ ተሰብስበው የተሻሉትን አውራዎች ይመርጣሉ፣ የተመረጡት ለመንደሩ ሁሉ ሲያገለግሉ የቀሩት ይሸጣሉ ወይም ይኮላሻሉ። የት መማር እንዳለብኝ የነገረኝ ይህ ንባብ ነው፤ ስለ ቤቴ በግ የጻፉት ሰዎች የት እንደተማሩና የት እንደሚያስተምሩ ተከትዬ ስሄድ የዩኒቨርሲቲዎቹ ዝርዝር በራሱ ጠበበልኝ። ለሌላውም የምመክረው ይህንኑ ነው። የግንባታ ተማሪ ከሆንክ ስለ ጣርማ በር ተዳፋትና መንሸራተት ማን እንደጻፈ ፈልግ፤ የደን ተማሪ ከሆንሽ ስለ መንዝ ጓሳ ማን እንዳጠና ፈልጊ። የጻፈው ሰው የሚያስተምርበት ክፍል ስለ አገርሽ ስታወሪ የሚያዳምጥ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን ወደ ሥዕል ዞረው ለንደን ውስጥ ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወትም ሠሩልን። እንደዚያ ያለ መዞር ዛሬም ይቻል ይሆን ብሎ ለሚጠይቅ፣ የዛሬው ቪዛና ስኮላርሺፕ ከአንድ የተወሰነ ፕሮግራም ጋር የታሰረ ስለሆነ መንገዱ ከባድ ነው እለዋለሁ። የመምረጫው ጊዜ ከመሄድ በፊት ነው።

ስኮላርሺፖቹ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱን የሚያሟላ ተማሪ ለሌላው ብቁ ላይሆን ይችላል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዳድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ተቋም ሥር ያለው ለልማት ነክ የማስተርስ ትምህርቶች የሚሰጠው ድጋፍም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘንድሮ የሚመረቅ ልጅ በእነዚህ ላይ ጊዜውን ባያጠፋ ይሻላል፤ ሠርቶ ይመለስባቸው። የቱርክና የቻይና መንግሥታት የሚሰጧቸው ዕድሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምረው እስከ ዶክትሬት ይደርሳሉ። እኔ ያመለከትኩት በአውሮፓ ኅብረቱ ኤራስመስ ሙንዱስ ነው፤ ይህ ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚማሩበት የጋራ ማስተርስ ሲሆን፣ ለተመረጠ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈላል፤ ማመልከቻውም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይገባል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የመጨረሻ ዓመት ተማሪንም ይቀበላሉ፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መመረቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህን የማያውቁ ጓደኞቼ «መጀመሪያ ልመረቅ» እያሉ አንድ ሙሉ ዓመት አልፏቸዋል።

ነጥብን በተመለከተ፣ በግቢ ውስጥ የሚወራው ወሬ ከልክ በላይ አስፈሪ ነው። ጀርመኖች የእኛን ነጥብ ወደ ራሳቸው የሚለውጡበት ስሌት የታወቀ ስለሆነ ማንም ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ከከፍተኛው ነጥብ ከ4.00 ላይ የራስን ነጥብ መቀነስ፣ የተገኘውን በከፍተኛውና በዝቅተኛው የማለፊያ ነጥብ ልዩነት ማለትም በ2 ማካፈል፣ በ3 ማባዛት፣ በመጨረሻም 1 መደመር ነው። በእነሱ ዘንድ 1.0 ከሁሉ የላቀ፣ 4.0 ደግሞ የማለፊያ ዳር ነው። በዚህ ስሌት የእኛ 3.50 ለእነሱ 1.75 ይሆናል፤ 3.00 ደግሞ 2.50 ይሆናል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ዝቅተኛ ነጥብ 2.5 ስለሆነ፣ 3.00 ያለው ተማሪ በሩ ተዘግቶብኛል ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። 2.80 ያለው ግን ይህን መስፈርት በማይጠይቁት ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያደከመኝ እሱ ነውና። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ገጠር የተወለድን ልጆች አብዛኞቻችን የልደት ምስክር ወረቀት የለንም። እናቴ የልደት ቀኔን ስትናገር «በኅዳር ጽዮን ማግሥት፣ ገብሱ ሲታጨድ» ትላለች፤ ማለትም ኅዳር 22 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ ግን መዝጋቢው መምህር ለመንደራችን ልጆች ሁሉ እንዳደረጉት መስከረም 1 ብለው ጻፉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉ የትምህርት ማስረጃዎቼ ሁሉ መስከረም 1 ይላሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ስሄድ እናቴ እውነተኛውን ቀን ካላስጻፍሽ ብላ ተከራከረች። እውነቱ ከእሷ ጋር እንደሆነ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬትንና ትራንስክሪፕትን ማስቀየር ከአንድ የልደት ወረቀት ጋር የሚመዛዘን ስላልሆነ፣ አዲሱ ወረቀት አሮጌዎቹን ተከተለ። ማንኛውም ተማሪ አዲስ ሰነድ ከማውጣቱ በፊት የቀደሙትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቀኑንና ስሙን ያስተያይ።

ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የመለወጡ ሥራም ለተርጓሚ ብቻ የሚተው አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ የእነሱ ጥር ከገባ በኋላ ግን ስምንት ይሆናል። የእኔ መስከረም 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2000 ነው፤ በአንድ ሰነድ ላይ ግን በስምንት ተደምሮ 2001 ተብሎ መጥቶልኝ ነበርና እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ አስተካከልኩት። የሰነድ ጸሐፊው ወረፋውን ለማሳጠር ሲል ይቸኩላል፤ ተቀባዩ ግን መቸኮል የለበትም።

የስም ነገር ደግሞ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። የውጭ ቅጾች ግን የቤተሰብ ስም የሚሉትን ሳጥን ባዶ አይቀበሉም። ደንቡ ቀላል ነው፤ በፓስፖርቱ ላይ በዚያ ሳጥን የተጻፈው ስም ማንም ይሁን ማን፣ በማመልከቻውም፣ በቋንቋ ፈተናውም፣ በአውሮፕላን ትኬቱም እሱው በዚያው ፊደል አጻጻፍ ይገባል። «ጽጌ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ያየ ሰው ይህን ይረዳኛል። ስለዚህ ፓስፖርት ከሁሉ አስቀድሞ ቢወጣ መልካም ነው፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ ስለሆነም በሚሞሉበት ሰዓት የትራንስክሪፕቱ ቅጂ አጠገብ ይኑር። በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው ስምም እንዲሁ ይታይ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማረጋገጥ ነው። ኢትዮጵያ ሰነድን በአንድ ማኅተም በአባል አገሮች ዘንድ የሚያስቀብለው የአፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች አንድ ማኅተም አይበቃም። በአማርኛ የተጻፈው ሰነድ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተረጎማል፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጣል፣ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ እንደ አገሩ ፍላጎትም ኤምባሲው ያጸድቀዋል። የትምህርት ማስረጃዎች ደግሞ በመጀመሪያ የሚረጋገጡት በሚመለከታቸው የትምህርት ተቋማት ነው፤ የ12ኛ ክፍሉ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን። ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ሰው ከመስኮት ይመለሳል፤ ከመስኮት መመለስ ማለት ለእኛ ሌላ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ማለት ነው።

ከግቢ የሚወጣው ወረቀት የራሱ ጣጣ አለው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን በኋላ ሊከፍል በኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውል ወስዷል፤ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ አሠራር ነው። ውሉ እስኪከፈል ድረስ ተመራቂው በእጁ የሚኖረው ቴምፖ ማለትም ጊዜያዊው ዲግሪ ነው፤ ኦሪጅናሉና ታሽጎ የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከክፍያው በኋላ ይመጣል። አብዛኞቹ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠውን የትራንስክሪፕት ቅጂ) እና ቴምፖ ይቀበላሉ፤ ለምዝገባ ግን ኦሪጅናሉን ይጠይቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በዚሁ ላይ ይታከላል፤ ግማሹን ማለትም 50 ከመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪው ስለማይሰጠው፣ የውጭ ቅበላ ደብዳቤ በእጁ ይዞ እንኳ ሊቀር ይችላል። እኛ ሰኔና ሐምሌ ላይ እንመረቃለን፤ እነሱ በመስከረምና በጥቅምት ማስተማር ይጀምራሉ። በመካከሉ ያለው አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ ክሊራንሱም፣ ቴምፖውም፣ ማረጋገጫውም፣ የቪዛ ቀጠሮውም በዚያ ክረምት ውስጥ ይተፋፈጋሉ። ከምረቃ በፊት ማለቅ የሚችል ወረቀት ሁሉ ከምረቃ በፊት ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤን በሚመለከት አንድ የተለመደ አሠራር አልወደውም። መምህሩ ሥራ ስለሚበዛበት «ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» ይላል፤ ተማሪውም ከኢንተርኔት ቀድቶ «ታታሪና ታማኝ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለየትኛውም ተማሪ የሚሆን ስለሆነ ለማንም አይሠራም። የእኔ አማካሪ መምህር ግን የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅና የመስክ መዝገቤን አምጪ አሉኝ፤ ደብዳቤያቸው ውስጥም የጠቦት ክብደት ስመዝን ሚዛኑ ስለተበላሸ ልኬቱን እንደገና ለመውሰድ መመለሴን ጠቀሱ። አንድ እንዲህ ያለ አንቀጽ አሥር የሙገሳ ቃል ያስንቃል። በተጨማሪም ብዙ ፕሮግራሞች ደብዳቤው ከተቋም ኢሜይል እንዲላክ ይፈልጋሉ፤ መምህሮቻችን በአብዛኛው የሚጠቀሙት የግል ጂሜይል ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል እንዲያስከፍቱ ወራት ቀደም ብሎ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

የራሴን የፍላጎት መግለጫ ስጽፍ እኚሁ መምህር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ይህን ዓረፍተ ነገር ከጎንሽ የሚቀመጠው ልጅ ሊጽፈው ይችላል?» ይችላል ባልኩት ሁሉ ላይ መስመር አሰመሩበት። የተረፈው ስለ አባቴ መንጋ የጻፍኩት ነበር፤ አባቴ ፈጥኖ የሚያድገውን አውራ ጠቦት ለፋሲካ ስለሚሸጥና ቀጫጫው ስለሚቀር፣ የመንጋው በጎች ቁመና በየዓመቱ እያነሰ የሚሄደው ገበያው ምርጡን አውራ ቀድሞ ስለሚወስድ እንደሆነ የሚያስረዳ አንቀጽ ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ የጠየቁኝም ስለዚሁ ነው። ስለ ልጅነት ሕልም ማንም አልጠየቀኝም።

በቋንቋ ፈተና ላይ ብዙ የምለው የለም። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአዲስ አበባ ይሰጣል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ የሚከፈለውም ለተማሪ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪው በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ስለሚቀበሉ፣ ከመክፈል በፊት ይህንኑ ማጣራት ነው። ደብዳቤውን ሬጅስትራር ይጽፋል።

የማመልከቻ ማብቂያ ሰዓትን ግን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23:59 ማለት በክረምታቸው ለእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው፤ ይህ ሁለት ሰዓት የሚጨምር መስሎ ያጽናናል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ማመልከቻ የሞላ ሰው የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር ለእኛ እንደማይሠራ ያውቃል። መንገዱም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ሊዘጋ ይችላል። እኔ ከማብቂያው ሁለት ሳምንት በፊት ያለውን ቀን የመጨረሻ ቀን ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ ሰነዶቼንም ሁሉ ስካን አድርጌ በፍላሽም በኢሜይልም አስቀመጥኩ። የአዲስ አበባ ጉዳዮችንም አጠራቅሜ በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ሞከርኩ፤ የዘመድ ቤት መኖሩ እዚህ ላይ ያድናል።

ስለ ገንዘብ በግልጽ ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ በዶላርና በዩሮ የሚጠየቅ ትንሽ ክፍያ ሁሉ ለተማሪ ትልቅ ሆኗል። ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበለው ዩኒ አሲስት ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ብሩ ቢገኝ እንኳ አብዛኞቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን፣ ውጭ ያለ ዘመድ እስኪከፍልልን እንጠብቃለን። በራሱ ወጪ ጀርመን ለመማር የሚያስብ ሰው ደግሞ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በታገደ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ከዚያ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም፣ ይህን ሳይጨምሩ የሚነግሩ ደላሎች ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩት። ቅበላ አስገኛለሁ ብሎ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰውን በተመለከተ ያለኝ አቋም አንድ ነው፤ እሱ የሚሞላውን ቅጽ እናንተም መሙላት ትችላላችሁ።

ስኮላርሺፕ ያገኘም ቢሆን ገንዘብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የኤራስመስ ሙንዱሱ 1,400 ዩሮ ትኬትንም፣ ቪዛንም፣ ኑሮንም የሚሸፍን አንድ ክፍያ ነው፤ የሚገባውም እዚያ ደርሰው የባንክ ሒሳብ ከከፈቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ትኬቱና የመጀመሪያው ወር ኪራይ ከዚህ መገኘት አለበት። በእኛ ቤት አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና የእናቴ ማኅበርተኞች ተረባርበው ሞልተውታል፤ ብድሩም በስም በስሙ ተጽፎ ተቀምጧል። የተማሪዎች መኖሪያ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ማመልከቻው ቅበላው እንደደረሰ በዚያው ቀን ቢገባ ይመረጣል፤ የተመዘገበ አድራሻ የሌለው ሰው እዚያ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ለመጨረስ ይቸገራልና።

ይህን ሁሉ ለዘመድ ማስረዳት ራሱ አንድ ሥራ ነው። አጎቴ የምማረውን ሲሰሙ ቡናቸውን አስቀምጠው፦ «አንቺ ልጅ፣ ለበግ ብለሽ ነው ፈረንጅ አገር የምትሄጂው? በጉ ያለው እዚህ! እነሱ መጥተው ይማሩ እንጂ!» አሉኝ። «ጋሼ፣ እነሱማ መጥተው ተምረዋል፤ አሁን ጽሑፉ እነሱ ዘንድ ነው ያለው» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ሂጂና አምጪው» ብለው መረቁኝ።

ሻንጣውን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ለረጅም ጊዜ ተደራድረናል። ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ በጆግ ሞልታ፣ ቋንጣም ጨምራ አዘጋጅታ ነበር፤ ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከውጭ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዘው እንዳይገቡ ስለሚከለክል ሁለቱም ቀሩ። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል ስላት ግን ደስ አላት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸው በደንብ ታሽገው ገብተዋል። ልብስ ብዙ አልያዝኩም። ብርዱን ታውቂዋለሽ የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተምሬያለሁ፣ የኅዳርን ውርጭም አውቀዋለሁ። የእኛ ብርድ ግን ጠዋትና ማታ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ የምታባርረው ብርድ ነው፤ የእነሱ ደግሞ ቤቱ ሞቆ ውጭው ቀኑን ሙሉ የሚቀዘቅዝ ነው። በታኅሣሥ የሰሜን ጀርመን ቀን ከስምንት ሰዓት ያነሰ ብርሃን እንዳለው ሳነብ ከብርዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ጨለማው ነው። ወፍራሙን ካፖርት እዚያ ካሉ የቀድሞ ተማሪዎች በርካሽ እንደሚገኝ ስለነገሩኝ ቦታውን ለሽሮው ሰጥቼዋለሁ።

ብዙ ተጓዥ የሚረሳው ነገር ውክልና ነው። ኦሪጅናል ዲግሪው ከጉዞ በኋላ ሊደርስ ይችላል፣ የኮስት ሼሪንጉ ቀሪ ክፍያ አለ፣ ተጨማሪ ትራንስክሪፕት ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህን ሁሉ የሚፈጽም ሰው ሕጋዊ ውክልና ከሌለው ከሬጅስትራር መስኮት ይመለሳል። ከውጭ ሆኖ ውክልና መላክ በኤምባሲ በኩል የሚያልፍ ረጅም ጉዳይ ስለሆነ እዚሁ ሳሉ መጨረስ ይቀላል። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል አጠቃላይ ቃልም ሁልጊዜ ስለማይበቃ፣ እኔ ለወንድሜ በሰጠሁት ውክልና ላይ ኦሪጅናል ዲግሪዬን እንዲረከብ፣ ኮስት ሼሪንግ እንዲከፍል፣ ትራንስክሪፕት ጠይቆ እንዲያስልክና የትምህርት ማስረጃዎቼን በየመሥሪያ ቤቱ እንዲያረጋግጥ በየተራ አስጽፌያለሁ። ዋናው ቅጂ ከእሱ ጋር ደብረ ብርሃን ይቀመጣል፤ ስካኑ በኢሜይሌ አለ። የቪዛ ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው።